በስምንት ተነሳ

ንግግሩን የሰማው ከኮምፔንሳቶ ግድግዳ ጀርባ ሆኖ ነው፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት። ግማሹን ረስቶታል። የክለቡ ጸሐፊ ስለ ጫማ ቁጥር ይሁን ስለ ጉርድ ፎቶግራፍ አንድ ነገር ጠይቆ ነበር፤ ሽማግሌው አሰልጣኝም መልሶለት ነበር፤ ያ ጠፍቶበታል። ጣራው ያፈስ ስለነበር ባልዲው ውስጥ የሚንጠባጠበው ውሃ ድምፅ ግን እስከ ዛሬ አልጠፋውም።

«እንግዲህ ከሁለቱ ወንድማማቾች የትኛውን ልጻፍ? ቦታው አንድ ብቻ ነው» አለ ጸሐፊው።

ባልዲው ጠብ፣ ጠብ፣ አለ።

«ትልቁ ጎበዝ ልጅ ነው። ሰዓት ያከብራል፣ ያሉትን ይሰማል፣ እግዜር ይባርከው። ትንሹ ግን ቦክሰኛ ነው።»

«እሱ እኮ ገና አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው!»

«ቢሆንስ? ከሰኞ ጀምሮ እኔ ራሴ እይዘዋለሁ።»

ከዚያ ወንበር ተጎተተ፤ ሌላም ነገር ተባለ፤ አልሰማም። እርጥብ ፎጣውን አንገቱ ላይ እንደጠመጠመ በጓሮ በር ወጣ። ትልቁ እሱ ነበር።

ቤት ሲደርስ ታናሹ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የተቀደደ ጫማውን በወፍራም ክር ይሰፋል። ቀና ብሎ፣ «አሰልጣኙ ስለ እኔ አንድ ነገር አለ እንዴ ጋሼ?» አለው።

ሰው ሁልጊዜ አስቦ አይዋሽም፤ አንዳንዴ ውሸቱን አፉ ውስጥ ተቀምጦ ያገኘዋል።

«እግር የለውም አለ። ለቦክስ አይሆንም አለ።»

ልጁ ክሩን በጥርሱ በጠሰና መርፌውን ሸሚዙ ላይ ሰካው። ሰኞ ሲመጣ ልምምድ አልሄደም። አሰልጣኙ «ታናሽህስ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ትልቁ «ሰልችቶታል መሰለኝ ጋሼ» አለ። የመጀመሪያውን ውሸት እንዳይወድቅ ሁለተኛው ደገፈው። ሽማግሌው «ያሳዝናል» ብቻ ብሎ የጀመረውን የአንድ ልጅ እጅ ጠቅልሎ ጨረሰ። በሳምንቱ እናታቸውን መንገድ ላይ አግኝቶ ይህንኑ ነገራት፤ እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ ትንሹን ልጇን «ጀምሮ የማይጨርስ» ትለው ጀመር። በቁጣ አልነበረም የምትለው። ሰው የልጁን የጀርባ ምልክት እንደሚያውቅ፣ እንደዚያ ነበር የምትለው።

ትልቁ ቦክሱን ቀጠለ። አሥራ አንድ ጊዜ ገጠመ፤ አምስቱን አሸነፈ። አውራ ጣቱ ሁለት ጊዜ ሲሰበር ጓንቱን ሰቀለና እጅ ማሰር ተማረ። ማንም አላስተማረውም፤ ሽማግሌውን እያየ፣ የራሱን ግራ እጅ በቀኙ እየጠቀለለ እየፈታ፣ በሁለት ዓመት ለመደው። ቦክሰኛ ጓንት ከማጥለቁ በፊት እጁ በፋሻ ይታሰራል፦ አንጓው ላይ ሦስት ዙር፣ አውራ ጣቱን አቅፎ፣ በጣቶቹ መሃል እየተመላለሰ፣ ጉልጥምቱ ላይ ተደራርቦ። ከጠበቀ ደም ይከለክላል፤ ከላላ አጥንት ይሰበራል። ሽማግሌው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይል ነበር፤ እሱም ተጣድፎ አስሮ አያውቅም። እያሰረ በልቡ ይጸልያል፦ «ይህን ልጅ እንዳመጣኸው በሰላም መልሰው»፤ ለዚህኛው ወገንም ለዚያኛውም ያው አንድ ጸሎት ነው። ባለፋሻው ይሉታል።

ትንሹስ? እግር የለህም ተብሎ እግሩን ይዞ ሄደ። ከመንገዱ ማዶ፣ ከጎማ ጠጋኙ ሱቅ በላይ፣ ድብልቅ የሚባለውን ፍልሚያ የሚያስተምሩበት አዳራሽ ነበር። እዚያ ቡጢም ርግጫም ትግልም ማነቅም በአንድ ላይ ነው፤ ሰው ሲወድቅ ጨዋታው አያበቃም፣ እንዲያውም ብዙውን ጊዜ ያኔ ነው የሚጀምረው። ልጁ ርግጫውን ተማረ፤ ቀጥሎም ወለሉን። አንገት ከያዘ ስለማይለቅ ቀንበር አሉት። በጀርባው መውደቅ ለሌላው ሽንፈት ነው፤ ለቀንበር ግን ቤቱ ነበር። ጀርባው ወለል ሲነካ ጉልበቶቹን አጥፎ ወደ ላይ ያነሳል፣ ክንዶቹን ፊቱ ላይ ይደረድራል፣ ተጋጣሚው እላዩ ላይ እስኪወርድ በእርጋታ ይጠብቃል። የወረደውን ይይዘዋል። አሥራ አራት ዓመት በዚህ ኖረ፤ ስምም አገኘ፤ የቀኝ ጉልበቱንም እዚያው ጨረሰ።

እናቱ አንድም ቀን አልሄደችም። «አዳራሽ ሞልቶ ልጄ ሲረገጥ ለማየት?» ትል ነበር። «ንጹሑን ጨዋታ ጀምሮ የተወው እሱ ነው።»

ሐኪሙ «ካሁን በኋላ ርግጫም ትግልም ክልክል ነው» ባለው በሦስተኛው ወር፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ቀንበር የቦክሱን አዳራሽ በር ገፍቶ ገባ። ባለፋሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ ፋሻ እየጠቀለለ ነበር። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይም ደንበኛ ሲጠፋበት እንደሚያደርገው መቀሱን የደረት ኪሱ ውስጥ ሰክቶ ከጎኑ ተቀምጧል።

«ግጥሚያ አግኝቻለሁ» አለ ቀንበር። «ቦክስ ነው። ባለሙያዎቹ ጋ። ስድስት ዙር።»

«ከማን ጋር?»

«ከምስማር ጋር።»

ፀጉር አስተካካዩ ሳቀ። ምስማር የተባለው የግራ እጁ ቀጥ ብሎ ስለሚገባ ነው፤ በአሥራ ስድስት ግጥሚያ የተሸነፈው ሁለት ብቻ ነው። «አንተ ልጅ፣ ዳኛው ‹መራገጥ የለም› ሲልህ ምን ልታደርግ ነው? እግርህን ቤት ትተህ ልትመጣ?»

«እግሬንማ ሐኪሙ ወስዶታል። የቀረኝ እጅ ነው።»

«የዓሣ ነጋዴ ከዋናተኛ ጋር ልወዳደር ሲል ሰምቼ አላውቅም። ሁለቱም ውሃ ያውቃሉ'ኮ!»

«አንተ ደግሞ ፀጉር እየቆረጥክ ስለ ራስ ቅል ታወራለህ፤ ሐኪም ነህ?»

ፀጉር አስተካካዩ በዚህኛው ከልቡ ሳቀና «በሉ ይሁን» አለ። ቀንበር ግን ዓይኑን ከወንድሙ ላይ አልነቀለም።

«ኮርነሬ ላይ ቁምልኝ ጋሼ።»

ፋሻው ከባለፋሻው እጅ አምልጦ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ጎንበስ ብሎ እስኪጠቀልለው ድረስ ለማሰብ ጊዜ አገኘ። ኮርነር ላይ የሚቆም ሰው በየዙሩ እረፍት ቦክሰኛውን «ትችላለህ» ማለት አለበት። ከዚህ አፍ፣ ለዚህ ልጅ፣ ይህ ቃል እንዴት ይውጣ? ከወጣስ የድሮውን ይዞት አይወጣም?

«እጅህን አስርልሃለሁ» አለ በመጨረሻ። «ለኮርነሩ የራስህ አሰልጣኝ አለልህ።»

«እሱ የድብልቅ ሰው ነው እኮ።»

«ጎበዝ ነው። እጅህን ግን እኔ አስራለሁ።»

ቀንበር «እሺ» አለና ሄዶ ጆንያውን መምታት ጀመረ።

ስምንት ሳምንት ተለማመደ። ባለፋሻው በየቀኑ ከወንበሩ ሆኖ ያያል። መጀመሪያ ላይ ሳቅ ነበር፦ ቀንበር ርግጫ እንደሚጠብቅ ሰው አንድ እርምጃ ርቆ ይቆማል፤ ተጠግቶ መሃል ለመሃል ሲገናኙ አንገት ሊይዝ እጁን ይሰዳል፤ ትልቁ ጓንት ትራስ የያዘ ያስመስለዋል። በአራተኛው ሳምንት ግን ሳቁ እየሳሳ ሄደ። ከሩቅ ቆሞ ሲወረወር ማንም አይደርስበትም ነበር። ሽማግሌው ያየውን ነገር ባለፋሻውም አየው፤ በአሥራ ስድስት ዓመቱ የነበረው ያ ትከሻ፣ ከጡጫው ቀድሞ የማይናገረው ትከሻ፣ አሁንም እዚያው ነበር።

አንድ ማለዳ፣ በስድስተኛው ሳምንት፣ ቀንበር ወለሉ ላይ የነጠበ ላብ አንሸራቶት በጀርባው ወደቀ። የቡጢ ነገር አልነበረም፤ መንሸራተት ነው። ግን ገና ከመውደቁ ጉልበቶቹ በራሳቸው ተነሡ፣ ክንዶቹ ፊቱ ላይ ተደረደሩ፣ ጸጥ ብሎ ጠበቀ። ልክ እንደተገለበጠ ጥንዚዛ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቀንበርም ራሱ ስቆ ተነሣ።

ባለፋሻውም ሳቀ። ግን ባለሙያ ነውና ያየው ነገር ምን እንደሆነ አውቆታል። ቦክስ ላይ የወደቀን ሰው ማንም እላዩ ላይ አይወርድበትም፤ ተጋጣሚው ወደ ማዶ ማዕዘን ይሸኛል፣ ዳኛው እስከ አሥር ይቆጥራል። ሽማግሌው ልጆቹን ሆን ብሎ ወለል ላይ እያስተኛ፣ በጣቱ እየቆጠረ፣ «በአራት ተገልበጥ፣ በስድስት ተንበርከክ፣ በስምንት ተነሳ» ሲላቸው ይውል ነበር። ቀንበር ይህን ሳይማር ነው የወጣው። የድብልቁ አሰልጣኝም አያውቀውም፤ ለእሱ እንዲያውም አወዳደቁ ያማረ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ የሚበቃው ትምህርት ነው። ነገ እነግረዋለሁ አለ ባለፋሻው። ነገ ደግሞ ሌላ ነገ ወለደ። በጸሎቱ ሰዓት ነገሩ ትዝ ይለዋል፤ ሲነሣ ይረሳዋል። በእውነት ረሳው? ልቡን አጥብቆ ቢመረምረው፣ ጥጉ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር ተሸሽጋ ነበር፦ ልጁ ቢሸነፍ ያ የድሮው ውሸት እውነት ይሆናል። ይህን አላሰበውም። ግን አላባረረውምም።

ግጥሚያው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ፣ ከፍ ካለችው መስኮት በሚገባው ብርሃን፣ ባለፋሻው ወንበር ገልብጦ ተቀመጠና የወንድሙን እጅ ጉልበቱ ላይ አኖረ። ሁለቱንም እጅ ለማሰር አርባ ደቂቃ ፈጀ። የግጥሚያው ተቆጣጣሪ መጥቶ ዳሰሰው፣ ፕላስተሩ ላይ በእስክሪብቶ ፈረመ።

«አልጠበቀም?» አለ ባለፋሻው።

«እንደ እማዬ እጅ ነው» አለ ቀንበር ጣቶቹን እያጠፈ። «እንደምትመጣ ነግራህ ነበር?»

«አትመጣም።»

«ለምን እንደጠየቅሁህም አላውቅ።»

ያኔ እንኳ መናገር ይቻል ነበር። «ከወደቅህ አትጠብቅ፤ ተነሳ» ለማለት አምስት ቃል አይሞላም። ባለፋሻው «እግዚአብሔር ይጠብቅህ» ብሎ ወጣና ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ።

የድብልቅ ተፋላሚ ከቦክሰኛ ጋር መቆም ይችላል ወይ ለሚለው የዚያ ቀን አዳራሽ መልሱን በዓይኑ አየ። በመጀመሪያው ዙር ምስማር ርቀቱ ጠፋበት፤ የግራ እጁን ሲልክ የሚመታው አየር ነው። በሁለተኛው ቀንበር ከዚያ ሩቅ ቦታው ተወርውሮ አገጩን አገኘው። በሦስተኛው ምስማር መጣ፣ በአራተኛው ቀንበር መለሰ። ከባለፋሻው ጎን የተቀመጡ ባርኔጣ የያዙ አዛውንት ክርናቸውን ጎኑ ላይ እየጎሰሙ፣ «ኧረ ይሄ ሰውዬ ቦክሰኛ ነው! ማን ነው የደበቀው?» አሉ። ባለፋሻው ፊቱን አዞረ።

አምስተኛው ዙር ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ቀንበር ለመጠጋት ጎንበስ አለ፤ አጭር የግራ ቡጢ ጉንጩ ላይ አረፈች። ከባድ አልነበረችም። እግሩ ላይ ግን ሚዛኑን ስቶ ነበር የቆመው፤ በጀርባው ወደቀ።

ጉልበቶቹ ተነሡ። ክንዶቹ ተደረደሩ። ዓይኖቹ ጥርት ብለው ተከፍተዋል።

«አንድ! ሁለት!» አለ ዳኛው።

ባለፋሻው አልደነገጠም ነበር። ብልህ ቦክሰኛ ቶሎ አይነሣም፤ እስከ ስምንት ያርፋል። ሦስት ሲባል፣ አራት ሲባል፣ ጉልበቶቹ አሁንም ወደ ላይ እንደቆሙ አየ። ልጁ እያረፈ አይደለም። እየጠበቀ ነው። ከኮርነሩ የድብልቁ አሰልጣኝ «ጎበዝ! ተረጋጋ!» ይላል። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ረድፍ ከረድፍ እየዘለለ መጣ።

«አምስት! ስድስት!»

«ተነሳ!» አለ ባለፋሻው። ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም። «ተነሳ! ተነሳ አንተ ልጅ!»

ቀንበር ከክንዶቹ መሃል አሻግሮ ምስማርን ፈለገው። ምስማር ማዶ ማዕዘን ላይ ገመዱን ተደግፎ ቆሟል። ያኔ ነው ፊቱ የተለወጠው። ሰው ከሕልሙ ሲነቃ እንደሚሆነው ተደነጋገረ፤ በጎኑ ተገለበጠ፤ በክንዱ ገፋ፤ ያ የታመመ ቀኝ ጉልበት ግማሽ ላይ ያዘው። በአንድ እግሩ ቆሞ ዳኛውን ሲያይ ዳኛው «አሥር!» ብሎ ሁለት እጁን እያወናጨፈ ነበር።

ፀጉር አስተካካዩ መተላለፊያው ላይ ባለፋሻውን አገኘውና ሊያላግጥ አፉን ከፍቶ ተወው። «ምስማር አላሸነፈውም» አለ ብቻ። «ልማዱ ነው የጣለው። አንድ ሰው ቢነግረው ኖሮ…»

ክፍሉ ውስጥ ቀንበር የመታሻ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ጉንጩ ትንሽ ቀላ እንጂ ሌላ ምልክት የለበትም። የድብልቁ አሰልጣኝ ከአዘጋጁ ጋር ሊከራከር ወጥቷል። ባለፋሻው ጫፉ የደነዘዘ መቀሱን አወጣና ከቀኝ እጁ ጀምሮ ፋሻውን ይቆርጥ ጀመር።

«እየጠበቅኩት ነበር እኮ» አለ ቀንበር። «ይመጣል ብዬ። እንግዳ ጠርቶ የቀረበት ሰው መሰልኩ።» ሊስቅ ሞከረ። «ሁለተኛ ማንም አይጠራኝም። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ሰዉ ስልኩን አውጥቶ ሲቀርጸኝ አይቼዋለሁ፤ ጀርባዬ ላይ ተኝቼ።»

«እኔ አይቼው ነበር» አለ ባለፋሻው።

«ምኑን?»

«አወዳደቅህን። በስድስተኛው ሳምንት፣ የተንሸራተትክ ቀን። ልነግርህ ይገባ ነበር። አልነገርኩህም።»

ቀንበር እጁን አልሳበም። «ረስተህ ነው።»

ይህች በር ነበረች፤ ባለፋሻው ቢፈልግ በእሷ መውጣት ይችል ነበር። «ዝም አይነቅዝም» ይላል ተረቱ። እሱ ግን አሥራ ስምንት ዓመት ጎተራውን ሲዘጋ ሲከፍት ኖሯል፤ እንደሚነቅዝ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። መቀሱን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠ።

«አልረሳሁም። ሌላም አለ። ሽማግሌው እግር የለውም አላለም። አንድም ቀን አላለም። ‹ትልቁ ጎበዝ ነው፣ ትንሹ ግን ቦክሰኛ ነው፤ ከሰኞ ጀምሮ እኔ ራሴ እይዘዋለሁ› ነው ያለው። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ከግድግዳው ጀርባ ነበርኩ። ሰልችቶታል ያልኩትም እኔ ነኝ።»

መስኮቷ ላይ የነበረው ብርሃን ወደ ግድግዳው ጥግ ፈቀቅ ብሏል። ከውጭ የሚቀጥለው ግጥሚያ ደወል ተሰማ። ቀንበር ፋሻው ከግማሽ የተቆረጠለትን ቀኝ እጁን እያገላበጠ ያየዋል፤ የሌላ ሰው ይመስል።

«ሽማግሌው ሲሞት ሬሳ ሳጥኑን ተሸክሜዋለሁ» አለ በመጨረሻ፤ ቀስ ብሎ። «በግራ በኩል፣ ከፊት። አንተ ከኋላዬ ነበርክ። እየጠላሁት ነው የተሸከምኩት። ‹እግር የለህም ያልከኝ፣ ይኸው በእግሬ ወሰድኩህ› እያልኩ።»

ይቅርታ የሚለው ቃል የባለፋሻው አፍ ውስጥ ነበር፤ ግን ልክ እንደ ጠባብ ልብስ አነሰበት።

«ምታኝ» አለ።

«አንተን ብመታ ማን ይቆጥራል?» አለ ቀንበር። ቀጥሎ ሲናገር ድምፁ የተጋጣሚ አልነበረም፤ ደጃፉ ላይ ጫማ ሲሰፋ የነበረው የዚያ ልጅ ነበር። «እማዬ ምን እንደምትለኝ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«በል።»

«ጀምሮ የማይጨርስ።»

«እስከ ዛሬ ነው የምትለኝ። ባለፈው ሳምንት እንኳ፣ ስለ ግጥሚያው ስነግራት፣ ፈገግ ብላ ‹ይህንንስ ትጨርሰው ይሆን ማሙሽ?› አለችኝ። ዛሬ ጎረቤት በስልኩ ሲያሳያት ምን እንደምትል አስበው። ንገራት።»

«እነግራታለሁ። ትንሽ ቀን ስጠኝና፣ ብቻዋን ሳገኛት—»

«ብቻዋን አይደለም። እኔ ባለሁበት። ዛሬ።»

«የልብ ሕመም አለባት እኮ። እንዲህ በድንገት—»

«አሥራ ስምንት ዓመት ድንገት ነው?»

ባለፋሻው አቀረቀረ። ለእናቱ የሚታዘዘው፣ ቃሉን የሚያከብረው፣ ሰዓት የማያሳልፈው ልጅ እሱ ነበር። ጎረቤት ሁሉ «እንደ ታላቅየው ቢሆን» ሲላት ፊቷ ሲበራ አይቷል። ያ ብርሃን የሚጠፋበትን ሰዓት ብዙ ጊዜ በሐሳቡ ሸሽቶታል። አሁን ግን የሚሸሽበት ጓሮ በር አልነበረም፤ ቢኖርም እግሩ እምቢ አለው። በልቡ፣ የሌሎቹን እጅ ሲያስር እንደሚለው፣ አንዲት አጭር ነገር ለፈጣሪው ተናገረ። ለራሱ እንዲህ ብሎ ለምኖ አያውቅም ነበር።

መቀሱን አንሥቶ የቀኙን ፋሻ ጨረሰ። ግራውን ሊጀምር እጁን ሲዘረጋ ቀንበር ከለከለው።

«ይህን ተወው። እሷ ትፍታው። እንዴት አድርገህ እንዳሰርከው ትየው።»

ባለፋሻው መቀሱን ኪሱ ከተተ። የቀንበርን ጃኬት ከግድግዳው ሚስማር አውርዶ ትከሻው ላይ ጣል አደረገለት፤ የታሰረው እጅ እንዲገባ እጅጌውን ሰፋ አድርጎ ያዘለት።

«እሺ» አለ። «ዛሬ እነግራታለሁ። አንተ ባለህበት።»